የማከፋፈያ ጣቢያው ሰዓት ከየት ይመጣል?

ኦገስት 14 ቀን 2003፣ ከቀትር በኋላ 16፡05፡57 ላይ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሳሚስ-ስታር የሚባለው ባለ 345 ኪሎ ቮልት መስመር ከሥራ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲያ መስመር መስመርን፣ ጣቢያ ጣቢያን እየጎተተ ለመውደቅ ሰባት ደቂቃ ያህል በቃው። 16፡13 ሲሆን በስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት አጥቶ ነበር፤ የጠፋው ጭነት 61,800 ሜጋዋት ነው። የሁለቱ አገሮች መርማሪ ቡድን ከየጣቢያው በሺህ የሚቆጠር መረጃ ሰበሰበ። የትኛው ብሬከር ቀድሞ ትሪፕ እንዳደረገ፣ የትኛው እንደተከተለ ለመለየት ሲቀመጥ ግን የአንዱ ጣቢያ ሰዓት ከሌላው አልገጥም አለ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የየራሳቸውን ሰዓት ነበር የመዘገቡት። በኤፕሪል 2004 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ካቀረባቸው ምክረ ሐሳቦች 28ኛው የመረጃ መቅረጫዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲመሩ የሚጠይቅ ነው።

በዚያ ቀን ከዛፍ ጋር የተነካካው መስመርና የተበላሸው የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ብዙ ተወርቶላቸዋል። የሰዓቱ ጉዳይ ያን ያህል አልተወራም፤ እኔ ግን ለኃይል ኢንዱስትሪው ረዥሙን ጥላ የጣለው እሱ ይመስለኛል። ወደ ኋላ ሄደን ብናየው የኤሌክትሪክ ኔትወርክ መጀመሪያ ሰዓት ሰጪ ነበር፤ ኋላ ሰዓት ተቀባይ ሆነ፤ የሚቀበለው ሰዓት በጠራ ቁጥር ደግሞ ያለሱ መሥራት እየተሳነው መጣ።

ሰጪ የነበረበት ዘመን በ1916 ይጀምራል። ሄንሪ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ፈጣሪ ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ የሚዞር የሲንክሮነስ ሞተር ሰዓት ሠራ። ሞተሩ የሚዞረው በኔትወርኩ ፍሪኩዌንሲ ልክ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ልክ የሚሆነው ጄነሬተሮቹ ልክ ሲዞሩ ብቻ ነው። እነሱ ግን ይዋዥቁ ነበር። ዋረን መላ አላጣም፦ ለቦስተን ኤዲሰን ኩባንያ ጣቢያ አንድ ዋና ሰዓት ሰጠ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቀስቶች አሉት፤ አንዱን ፔንዱለም ያንቀሳቅሰዋል፣ ሌላውን የጣቢያው የራሱ ኤሌክትሪክ። የተረኛው ሥራ ቀስቶቹ እንዳይለያዩ ተርባይኑን መግራት ሆነ። በዚህ ብልሃት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቤት ሰዓቶች ከኃይል ማመንጫ ሰዓት ሲቀዱ ኖሩ። ልማዱ ዛሬም አልሞተም። በ2018 መጀመሪያ ላይ በሰርቢያና በኮሶቮ መካከል በነበረ አለመግባባት ወደ ኔትወርኩ ሊገባ የሚገባው ኃይል ለሳምንታት ሲጎድል፣ የአህጉራዊ አውሮፓ ፍሪኩዌንሲ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ሰነበተ፤ በ25 አገሮች ከሶኬት ሰዓት የሚቆጥሩ የምድጃና የሬዲዮ ሰዓቶች ወደ 6 ደቂቃ ገደማ ዘገዩ።

በራሱ በማከፋፈያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን ለረዥም ጊዜ ሰዓት የሚባል ነገር ከግድግዳ አልወረደም። ኤሌክትሮ መካኒካል ሪሌይ ብልሽት ሲያይ ብሬከሩን ትሪፕ ያደርጋል፣ ትንሿን ምልክቱን ጥሎ ይቀመጣል፤ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ሰዓቱን ቀና ብሎ አይቶ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ተረኛው ነው። የጥበቃ ሥራው ራሱ ሰዓት አይፈልግም ነበር፤ ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰዓት ማዳረሻው የመጣው ከመብራት ሰዎች ሳይሆን ከሚሳኤል መሞከሪያ ሜዳዎች ነው። የአሜሪካ የሙከራ ሜዳዎች በየማዕዘኑ ያሉ ካሜራዎቻቸውና መቅረጫዎቻቸው አንድ ሰዓት እንዲያነቡ ሲሉ በ1960 አይሪግ የተባለውን የሰዓት ኮድ ቤተሰብ መደበኛ አደረጉ። ከቤተሰቡ አይሪግ-ቢ ለጣቢያ ተስማማ፦ በየሰከንዱ 100 ምት በአንድ ሽቦ ይልካል፤ ምቶቹ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ሰከንዱንና የዓመቱን ስንተኛ ቀን ይናገራሉ። ኮድ ግን ሰዓት ያጓጉዛል እንጂ ሰዓት አይሆንም። ምንጩ መጀመሪያ ላይ እንደ ኮሎራዶው ደብልዩደብልዩቪቢ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ጎኤስ የሚባሉት የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ነበሩ። የጎኤስ የሰዓት አገልግሎት እስከ 2004 መጨረሻ ቆይቶ ቆመ። በእሱ የተመሩ ጣቢያዎች ተቀባያቸውን መቀየር ግድ ሆነባቸው። ያኔ ሁሉም የሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር።

ጂፒኤስና አንግሉ

የጂፒኤስ የመጀመሪያ ሳተላይት በ1978 ተተኮሰ፤ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ የተባለው በ1995 ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ሲያሳይ ነው፤ ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩት ግን ቦታ ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ቦታውን ተቀባዩ ከሰዓት ልዩነት ያሰላዋል። ጣራ ላይ አንድ አንቴና፣ ፓኔል ውስጥ አንድ ተቀባይ፤ በዚህ ብቻ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ጣቢያዎች ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አንድ ሰዓት ማንበብ ቻሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ለአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚታሰብ አልነበረም።

ዕድሉን ቀድመው ካዩት መካከል አሩን ፋድኬና ጄምስ ቶርፕ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ፒኤምዩ፣ ማለትም የፌዘር (የሞገድ መጠንና አንግል) መለኪያ መሣሪያ፣ በ1988 በቨርጂኒያ ቴክ ተሠራ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ምን ያህል ኃይል እንደሚፈስ በአመዛኙ የሚወስነው የቮልቴጅ ሞገዶቻቸው የአንግል ልዩነት ነው። አንግሉን ለማነጻጸር ሁለቱም ጣቢያዎች በአንድ ቅጽበት መለካት አለባቸው። በ50 ሄርዝ ኔትወርክ አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ የ1 ሚሊ ሰከንድ የሰዓት ስህተት 18 ዲግሪ የሌለ አንግል ይፈጥራል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ይዞ ኔትወርክ የሚመራ የለም። የፒኤምዩ መደበኛ መስፈርት የሚፈቅደው ጠቅላላ ስህተት 1 በመቶ ነው፤ ስህተቱ በሙሉ ከሰዓት የመጣ ቢሆን በ50 ሄርዝ ወደ 32 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ፒኤምዩ የምርምር ቤት ጌጥ ሆኖ ቆየ። ያስፋፋው ገንዘብ ነው፦ አሜሪካ በ2009 ለኢኮኖሚ ማነቃቂያ ካወጣችው በጀት ለኃይል ኔትወርክ የደረሰው ድርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 በታች የነበረውን የመሣሪያ ብዛት ከ1,000 በላይ አደረሰው።

ሁለተኛው የማይክሮ ሰከንድ ደንበኛ የብልሽት ቦታ ፍለጋ ነው። መስመር ላይ ብልሽት ሲደርስ የሚነሳው ሞገድ ወደ ሁለቱም ጫፎች በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ይሮጣል፤ ሁለቱ ጫፎች የደረሰበትን ቅጽበት ካወቁ ቦታውን ማስላት የአንድ መስመር ሒሳብ ነው። ሞገዱ በ1 ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የ1 ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት ቦታውን በ150 ሜትር ያዛንፋል፤ ይኸውም ከሁለት የከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎች መካከል ካለው ርቀት ያነሰ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ እንደሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት እንዳለው መስመር ባለ ቦታ የጥገና ቡድንን ወደ ትክክለኛው ምሰሶ መላክና በግምት መላክ የቀናት ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

አብዛኛው የጣቢያ ሥራ ግን ይህን ያህል አይጠይቅም። ከ2003 በኋላ የሰሜን አሜሪካው የአስተማማኝነት ተቋም ኤንኢአርሲ ለክስተት መቅረጫዎች ያወጣው ደንብ የሚጠይቀው ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መሆንን ነው። ዴቪድ ሚልስ በ1985 መጀመሪያ ያቀረበው የኢንተርኔቱ የሰዓት ፕሮቶኮል ኤንቲፒ እንኳ በደንብ በተያዘ የጣቢያ ኔትወርክ ውስጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ለብዙ የኃይል ድርጅቶች ትልቁ ለውጥ ማይክሮ ሰከንዱ ሳይሆን ሁሉም ጣቢያ የሚስማማበት ሚሊ ሰከንድ ነው። ማይክሮ ሰከንድ የሚያነብ ሰዓት ገዝቶ ግማሹን ሪሌይ ሳያገናኝ የተወ ድርጅት፣ ሁሉንም በ2 ሚሊ ሰከንድ ካስማማው የተሻለ ነገር አላደረገም።

አይሪግ-ቢ በዚህ ሁሉ መሃል ሳይነቃነቅ ቆየ። ቀላል ነው፤ ሽቦውን ከፓኔል ፓኔል ይዘረጉታል፣ ይሠራል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ኮድ ውስጥ ዓመቱ ራሱ የለም፤ ዓመት፣ የሰዓት ቀጠና ልዩነትና የሰዓቱ ጥራት የተጨመሩት በ1995 በአይትሪፕልኢ 1344 መስፈርት ነው። ከአስር ዓመት በኋላ የመጣው ሲ37.118 ደግሞ የሰዓት ቀጠናውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ገለበጠው። ሰዓት ሰጪው በአንዱ፣ ተቀባዩ በሌላው መስፈርት ከተስተካከሉ ልዩነቱ በእጥፍ ይሳሳታል። የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና 3 ሰዓት ነው፤ በተገለበጠ ምልክት ሲነበብ ስህተቱ 6 ሰዓት ይመጣል። እንግዲህ የኢትዮጵያ መሐንዲስ ይህን ስህተት አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው ይችላል፤ ስድስት ሰዓት ልዩነት ሲያይ የአገሩ አቆጣጠር ይመስለዋላ!

ሰዓት በኔትወርኩ ውስጥ

ከላይ ያቆየሁት ነጥብ እዚህ ይመጣል። በድሮው አሠራር ከከረንት ትራንስፎርመሮች የሚወጡት የመዳብ ሽቦዎች ሁሉ ወደ አንድ ሪሌይ ይገቡ ነበር፤ ሪሌዩ ራሱ በአንድ ጊዜ ስለሚለካቸው የሌላ ሰዓት እርዳታ አያሻውም። የ2000ዎቹ መጀመሪያ የአይኢሲ 61850 መስፈርት ይህን ለወጠው። መለኪያው ወደ ግቢው ወጣ፦ መርጂንግ ዩኒት የሚባለው መሣሪያ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ሆኖ ከረንቱን ወደ ዲጂታል ቁጥር ይቀይርና በፋይበር ይልካል። የመዳብ ሽቦው ብዛት ቀነሰ፣ የሠራተኛውም አደጋ አብሮ ቀነሰ። ግን አሁን ሁለት መርጂንግ ዩኒቶች የላኩትን ቁጥር የሚያነጻጽር ሪሌይ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መለካታቸውን የሚያረጋግጥለት ሰዓት ብቻ ነው።

በ2004 የወጣው የአተገባበር መመሪያ በአንድ ዑደት 80 ናሙና ይላል፤ በ50 ሄርዝ በየ250 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ናሙና ብቻ ቢለያዩ 4.5 ዲግሪ ይሆናል። ዲፈረንሻል ሪሌይ ይህን ሲያይ ጤነኛ መስመር ላይ ከሚያልፈው ከረንት 8 በመቶ የሚጠጋ፣ በእውኑ የሌለ ልዩነት ያገኛል። ልዩነቱ ከዚያ ከሰፋ ጤነኛውን መስመር ከሥራ ያወጣዋል። ስለዚህ ሪሌዩ ሰዓት መጥፋቱን ሲያውቅ ራሱን ያግዳል። ድሮ ሰዓት ቢበላሽ መዝገብ ይሳሳት ነበር፤ አሁን ጥበቃው ራሱ ይቆማል። በመቶ ዓመቱ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም፤ ጫጫታው ግን ከሁሉ ያነሰ ነበር።

ለእያንዳንዱ መርጂንግ ዩኒት የተለየ የሰዓት ፋይበር መዘርጋት መዳቡን በፋይበር መተካት ብቻ ሆነ። ሰዓቱ መረጃው በሚሄድበት በዚያው ኢተርኔት ቢሄድስ? ችግሩ ወረፋ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ አንድ ሙሉ የኢተርኔት ፍሬም ለመውጣት ብቻ 120 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ የሰዓቱ መልእክት ከዚያ ፍሬም ኋላ ከተሰለፈ ማይክሮ ሰከንዱ ገደል ገባ። ፒቲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም አይትሪፕልኢ 1588፣ የመጀመሪያ እትሙ በ2002 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። ጊዜውን የሚመዘግበው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የኔትወርክ ካርዱ ራሱ ነው፤ መልእክቱ በሽቦው ላይ ባለፈበት ቅጽበት። የ2008ቱ እትም ደግሞ ስዊቹን የሥራው ተካፋይ አደረገው፦ ስዊቹ መልእክቱ በውስጡ የቆየበትን ጊዜ ለክቶ በመልእክቱ ላይ ይጽፋል፤ ተቀባዩ ያንን ይቀንሳል። ወረፋው አልጠፋም፤ ግን ተለካ።

ለኃይል ጣቢያ ተብሎ የተለየው አሠራር በ2011 በሲ37.238፣ ኋላም በ2016 በአይኢሲ/አይትሪፕልኢ 61850-9-3 ተደነገገ። የሁለተኛው ሒሳብ ንጹሕ ነው፦ ዋናው ሰዓት 250 ናኖ ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ስዊች 50 ናኖ ሰከንድ እንዲሳሳት ይፈቀድለታል፤ 15 ስዊች ካለፈ ድምሩ በትክክል 1 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። በግቢው ውስጥ ግን ሰንሰለቱ መሃል ፒቲፒን የማያውቅ አንድ ተራ ስዊች ከተሰካ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ አንዳንዴም ማንም ሳያውቅ፣ ኔትወርኩ ጭነት እስኪበዛበት ድረስ። ሰዓት የጥበቃ ክፍሉ ነው ወይስ የኮሙኒኬሽን ክፍሉ የሚለው ጥያቄም የመጣው ከዚህ ጋር ነው፤ ድሮ ሽቦው የጥበቃ ሰዎች ነበር፣ ስዊቹ ግን የሌሎቹ ነው።

ሰማዩ ሲጠረጠር

ከ2010 ወዲህ ያለው አዝማሚያ ከቀድሞው የተለየ ነው፤ ሩጫው ከትክክለኛነት ወደ አስተማማኝነት ዞሯል። የጂፒኤስ ምልክት መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ በርካሽ ማወኪያ ይታፈናል፣ በተሻለ መሣሪያ ይመሰላል። በ2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስመሳይ ምልክት በመላክ የፒኤምዩን አንግል ቀስ በቀስ ገፍተው ከመስፈርቱ ውጪ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። አንቴናውን የነካው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ ምንጩ ራሱ ተሳሳተ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2016 አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በተፈጠረ የመሬት ሶፍትዌር ችግር፣ ሳተላይቶቹ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር የሚያስተካክለውን ቁጥር በ13.7 ማይክሮ ሰከንድ አዛንፈው ለሰዓታት አሰራጩ። መንገድ የሚፈልግ ሰው ምንም አላስተዋለም፤ ሰዓት የሚፈልገው ተናወጠ። በ50 ሄርዝ ስናሰላው ሩብ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለፒኤምዩ ከተፈቀደው ወሰን ግማሽ አይሞላም፤ ለሞገድ ብልሽት ፈላጊ ግን፣ አንዱ ጫፍ ብቻ ስህተቱን ከተቀበለ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው።

በፌብሩዋሪ 2020 አሜሪካ በፕሬዝዳንታዊ ትዕዛዝ 13905 መሠረታዊ አገልግሎቶች በሳተላይት ሰዓት ላይ ያላቸውን ጥገኝነት እንዲፈትሹ አዘዘች። በባልቲክና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የሳተላይት ምልክት መታወክ ተራ ዜና ሆኗል። መልሶቹ ከዚህ በኋላ ብዙ ናቸው፤ እኩል ዋጋ ያላቸው ግን አይመስለኝም። ከአንድ በላይ የሳተላይት ሥርዓት መቀበል ጥሩ ነው፣ ግን ማወኪያ ሁሉንም በአንድ ላይ ያፍናል። የአውሮፓው የሳተላይት ሥርዓት ጋሊሊዮ ምልክቱን በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ መጀመሩ አስመሳይን ያከብዳል፤ አፋኝን አይከለክልም። ጣቢያው ውስጥ የተሻለ ኦሲሌተር ማስቀመጥ ሦስተኛው ነው፦ በሚሊዮን አንድ የሚሳሳት ተራ ኳርትዝ በቀን 86 ሚሊ ሰከንድ ይንሸራተታል፤ አንድ ቀን ሙሉ በ1 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ለመቆየት ከዚያ ከ86,000 ጊዜ በላይ የተሻለ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሩቢዲየም ሰፈር ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

እኔን የሚያሳምነኝ አራተኛው ነው፤ ሰዓትን በምድር፣ በራስ ፋይበር ማዳረስ። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከምሰሶው አናት ላይ በሚሮጠው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ ፋይበር ይዞ ይሄዳል፤ የኃይል ድርጅት መንገዱን አስቀድሞ ገንብቶታል። በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ከ2008 ጀምሮ የተሠራው ዋይት ራቢት የተባለ የሰዓት ማስማሚያ በኪሎ ሜትሮች ፋይበር ላይ ከአንድ ናኖ ሰከንድ በታች ማስማማት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ሐሳቡም በ2019 በወጣው የአይትሪፕልኢ 1588 እትም ውስጥ ገብቷል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ናሽናል ላቦራቶሪ ለኃይል ኔትወርክ የሳተላይት ያልሆነ ሰዓት ማዳረስን የሚያጠና ማዕከል አለው። እንቅፋቱ የሄደውና የመጣው መንገድ እኩል አለመሆን ነው፦ በፋይበር 1 ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል፤ መሄጃው ከመምጫው በ100 ሜትር ቢረዝም ሰዓቱ በ250 ናኖ ሰከንድ ይዛነፋል፤ ፕሮቶኮሉም ይህን ከራሱ ማወቅ አይችልም። ጥገና ያደረገ ሠራተኛ አንዱን ፋይበር በሌላ መንገድ ካዞረው መለካት እንደገና ይጀመራል።

በሥራ ላይ ያለው ጣቢያ ዛሬ የሁሉም ዘመን ድብልቅ ነው። አንድ የሰዓት ሳጥን ለአዲሶቹ ፒቲፒ፣ ለአሮጌዎቹ አይሪግ-ቢ፣ ለኮምፒውተሮቹ ኤንቲፒ ይሰጣል። ሦስቱም የሚቆጥሩት አንድ ሰዓት አይደለም። ፒቲፒ የሚቆጥረው የአቶሚክ ሰዓቱን ነው፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 37 ሰከንድ ይቀድማል፤ ጂፒኤስ በ18 ሰከንድ። ልምድ ያለው መሐንዲስ በሽታውን ከቁጥሩ ይለያል፦ መዝገቡ በ37 ሰከንድ ከቀደመ አንድ መሣሪያ ቅናሹን ዘሏል፣ በ1024 ሳምንት ወደ ኋላ ከሄደ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ ዞሮበታል፤ ቆጣሪው በ1999 እና በ2019 ዞሯል።

እነዚህ ልዩነቶች ያደጉት የምድር መዞር ሲዘገይ በሚጨመረው ሊፕ ሰከንድ ነው። በኖቬምበር 2022 የዓለም የመለኪያ ጉባኤ ይህን አሠራር ቢዘገይ በ2035 ለመቀየር ወሰነ። የመጨረሻው ሊፕ ሰከንድ የገባው በዲሴምበር 31 ቀን 2016 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተገጠመ ሪሌይ ሥራ ላይ ሆኖ አንዱንም አላየም። ምድር በቅርብ ዓመታት ትንሽ ፈጠን ማለቷ ደግሞ ከ2035 በፊት አንድ ሰከንድ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል የሚል ክርክር አስነስቷል፤ ይህን መመሪያ ደግሞ በየትኛውም ጣቢያ ያለ የትኛውም ሰዓት በሥራ ላይ ፈጽሞ አያውቅም።